ጥርት ያለው ቅጂ

ደግሞ እኮ እህቴ አመስግናኝ ነው የሄደችው፣ እሱ ነው የሚገድለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ጣቃውን አንስታ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ጥርት ብሏል ማሙሽዬ፣ እጅህ ይባረክ፣ ጥርት ብሏል፣ አለችኝ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ ባንድ እያወጣች፣ ያሰማኋት ዘፈን ካለቀም በኋላ ከበሩ አልሄደችም፣ ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም፣ የሚቀጥለው ሲጀምር አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደገና ጠበቀች፣ ከዚያ፣ እሱ የሚዘፍንበት የቱ ጋ ነው ማሙሽ፣ አለች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ መቀሱን የት አስቀመጥከው እንደ ማለት።

እሱ የሚዘፍንበት። ይዘፍን ነበር እንዴ? እዚህ ቤት ይሄን ሁሉ ዘመን ስገባ ስወጣ ባሏ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም፣ ሰርግ ላይ እንኳ ጥግ ይዞ የሚያጨበጭብ ሰው፣ ገና አላለቀም እትዬ፣ እያደራጀሁት ነው፣ አልኳት፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ ዋሸ፣ እሺ አትቸኩል ብላኝ ተመለሰች፣ ይኸው ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዋ ይንጫጫል፣ ይቆማል፣ ይንጫጫል፣ የተማሪ ሱሪ ነው የምትሰፋው፣ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሥራ በዝቶባታል፣ እኔ ደግሞ እዚህ፣ የሟች ባሏ ወንበር ላይ፣ የሠራሁትን ሥራ እያየሁ፣ አይ፣ ቆይ፣ አትደንግጥ፣ ቀስ ብለህ አስብ።

ምን ነበር የተባልከው። የእሱ ሙዚቃ እዚህም እዚያም ተበታትኗል፣ ስልኩ ላይ፣ ፍላሹ ላይ፣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ቀን አንዱ ተበላሽቶ ባዶ እጄን ከምቀር አንድ ቦታ ሰብስብልኝ። ይሄው ነው። ሃርድ ዲስኩንም ራሷ ገዝታ ከነካርቶኑ፣ ላንተ ቀላል ነው ብላ ሰጠችኝ። ሰብስብልኝ አለች እንጂ አጽዳልኝ አላለችም። ማን ጠየቀህ። ግን እኔ ሳላጸዳ መሰብሰብ አልችልበትም፣ ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የምሠራው እሱን ነው፣ ሰው ያረጀ ፎቶ ያመጣል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ነጠብጣቡን፣ ጭረቱን፣ ሻጋታውን እለቅማለሁ፣ አንዴ አንዱ ደንበኛ አባቱን አጽድቼ ስሰጠው ትክ ብሎ አየና ይሄ ሰውዬ ማነው አለኝ፣ ጉንጩ ላይ ያጠፋሁት ነገር ለካ ቆሻሻ ሳይሆን ጠባሳ ነበር፣ ያን ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። አሁን አያስቅም።

የሹፌሩ፣ የባሏ ቅጂዎች ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ለጆሮ የሚሆኑ አልነበሩም። የሚነዳው የከተማ አውቶቡስ የዱሮ ነው፣ ገና ካሴት የሚያጫውት፣ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ያጋድመውና ከስፒከሩ የሚወጣውን ይቀዳል፣ እንደዚህ ነበር ሙዚቃ የሚሰበስበው፣ በዚህ ዘመን፣ ኢንተርኔት እንደ ልብ በሆነበት፣ ምን ዓይነት ፋራ ነው እያልኩ ስንቴ ሙድ ይዤበታለሁ፣ ፊት ለፊቱ ጋሼ፣ ዞር ሲል ሹፌሩ፣ እሱ ደግሞ ኢንጂነሬ ነው የሚለኝ፣ ያሾፍብኛል እያልኩ ውስጤ ሲበግን ኖረ፣ የሚያሾፍ ሰው ግን ላገኘው ሁሉ ኢንጂነሬን ተዋወቁልኝ፣ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ እያለ ትከሻህን አቅፎ አይዞርም፣ ኧረ ተው፣ እሱን አሁን አታንሳ። አንዱን ቅጂ ከፍቼ ነበር። የሞተር ጩኸት፣ የበሩ ትንፋሽ፣ መስኮቱን ዝጋ አልዘጋም የሚባባሉ ሰዎች፣ ዘፈኑ ከሁሉ ሥር የሆነ ቦታ ሲያቃስት፣ አልታገስኩም፣ ዘጋሁት፣ ሌላውን አልከፈትኩም፣ አንዱን የሰማ ሁሉንም ሰማ ብዬ። አንድ ጭልፋ ቀምሼ ድስቱን ሙሉ ደፋሁት።

አደፋፌ ደግሞ በዘዴ ነው። ዘፈን በጆሮ የሚለይ ፕሮግራም አለ፣ ፎልደሩን ትሰጠዋለህ፣ ያዳምጣል፣ ይሄና ይሄ አንድ ዘፈን ናቸው ይልሃል፣ የቱን ላስቀር፣ ጥራት ያለውን፣ ለሁሉም እንደዚሁ ላድርግ፣ አዎ፣ ለሁሉም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ዘፈኑን ለቅሞ ሲያወጣ ጆሮ ማለት ይሄ ነው ብዬ አድንቄዋለሁ፣ ዘፈኑን ለየ፣ ሰውየውን አልለየም፣ ሰውየውን መለየት የኔ ሥራ ነበር፣ እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኔ ነኝ ከሱ ጋር አንድ ገበታ የቀረብኩት። ጥርት ያለ አቻ የሌላቸውን ደግሞ እኔው ከኢንተርኔት አወረድኩላቸው፣ ደግ መሆኔ ነው፣ ላስደስታት፣ ከዚያ አሮጌዎቹን ሰረዝኩ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩ፣ እርግጠኛ ነህ ብሎ ጠየቀኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ምን አስቸኮለህ። እሳት አልተነሳ።

ነግራኝም ነበር እኮ። የመጀመሪያው ቀን፣ ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድራልኝ ከሄደች በኋላ፣ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፣ አላወለቅኩትም፣ ለማውለቅ ሰነፍኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እሺ እሺ፣ እሷም ደስ ብሏት ሄደች። ምን ልትለኝ እንደምትችል አሁን ገባኝ። ሌላ ምን ትለኝ ነበር። ግድ የለም፣ ምናልባት ሻይ ልትለኝ ይሆናል። ሻይ ቢሆን ይዛው ትመጣ ነበር።

አረንጓዴው መስመር ይንፏቀቃል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነው፣ ሃርድ ዲስኩን እያሰሰ ነው፣ መብራቱ ጥቅስ ጥቅስ ይላል፣ ይገኛል፣ መገኘት አለበት፣ የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፣ ሰረዝክ ማለት ስሙን ከበሩ ላይ አነሳህ ማለት ነው፣ እሱ ራሱ ውስጥ ተኝቷል፣ ሌላ ተከራይ መጥቶ እስኪገባበት ድረስ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ፣ ሰርዤ ሄጄ ብተኛ ኖሮ፣ ሁሉም ነበር የሚገኘው፣ እኔ ግን ትጉህ ነኝ፣ ስሰርዝ ውዬ እዚያው ላይ ጥርት ያሉትን ስጭን አመሸሁ፣ የአልበም ሽፋን ሳይቀር እየለጠፍኩ፣ እሱም አልበቃኝ፣ ቦታ ይተርፋታል ብዬ የራሴን ፊልሞች ጨመርኩበት፣ የኔ ኮምፒውተር ጠቦብኛላ፣ ለጊዜው እዚህ ይቀመጡ አልኩ፣ በእህቴ ዲስክ፣ በባሏ ላይ፣ አፉ ድረስ ሞላሁት። አሮጌው ኮምፒውተርስ፣ እሱንማ አድሼው፣ አዲስ ሲስተም ጭኜበት፣ እየተጎተተ ከሚቀር የሱሪ ልክ ትመዝግብበት ብዬ፣ ውስጡ የነበረው እንዳልነበረ ሆኗል፣ ፍላሹንም አጽድቼ የማተሚያ ቤት ሥራ ሞላሁበት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት ይሄን ነው።

ሐኪሙ ጋ ልደውል። የጥገና ባለሙያ ነው፣ የሞተ ዲስክ ስለሚያስነሳ ሐኪም ብለን እንጠራዋለን፣ አንሳ፣ አንሳ እንጂ፣ ሃሎ ሐኪሜ፣ ምን ሆነህ ነው በሹክሹክታ የምታወራው፣ ሰው ገደልክ እንዴ፣ አይ፣ ፋይል ነው፣ ተሰርዞ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ጻፍክበት፣ አዎ፣ ብዙ፣ ሞልቷል፣ ሞልቷል ማለት፣ ሞልቷል ማለት ሞልቷል ነዋ፣ ምንድነው የጠፋው፣ ዘፈን፣ ዘፈን ነው እንዴ፣ ሳቀብኝ፣ አንተ ልጅ ለዘፈን ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው፣ መልሰህ አውርደው፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ። ኢንተርኔት ላይ የለም ሐኪሜ። ታዲያ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል፣ ብዙ አትጠይቀኝ፣ ከማጥፋትህ በፊት ነበር መደወል። ቻው። ቻው።

መኪናው ቆመ። ኮቴ። ስክሪኑን ልቀንሰው፣ አይ፣ ተወው፣ ምኑን ታውቀዋለች፣ ሻይ ነው፣ ይዛ መጣች፣ ብርጭቆውን ከሃርድ ዲስኩ አጠገብ ልታስቀምጥ ስትል ደንግጣ ራቅ አደረገችው፣ እንዳይፈስበት፣ እሷ ትሳሳለታለች፣ እኔ። መስመሩን አይታ፣ እየገቡ ነው አይደል፣ አለች። አዎ እትዬ፣ እየገቡ ነው። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ጠቆም አድርጋ ሳትነካው መለሰች፣ አደከምኩህ መሰለኝ፣ ያው ዘፈኖቹንማ እኔ አልወዳቸውም፣ ካሴቶቹም ፀሐይ መትቷቸው የሚያላዝኑ ናቸው፣ እሱ ግን ሰው ሁሉ ወርዶ አውቶቡሱን ባዶውን ወደ ማደሪያው ሲመልስ ነው የሚዘፍነው፣ ሰው ፊትማ ያፍራል፣ ዘፋኙን ያስቀድምና ሁለተኛውን ድምፅ ከኋላ ይይዛል፣ አይቀድመውም፣ ሹፌር ሆኖ የማይቀድም ሰው አይተህ ታውቃለህ፣ አለችና ሳቀች፣ በራሷ ቀልድ፣ ሲያመጣልኝ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዬ ላይ እሰካና እየሰፋሁ እሰማዋለሁ፣ ከሞተ ወዲህ ግን ስልኩን መክፈት ከበደኝ፣ ስልኩ ደግሞ የሞተ ዕለት ደውሎልኝ ሳላነሳ የቀረሁት ጥሪ አለበት፣ ለዚያ ነው ከስልኩ አውጣልኝ ያልኩህ። አንገቴን አጎንብሼ ሻይ ጠጣሁ፣ አቃጠለኝ፣ ዋጥኩት። አንተም ደከመህ፣ ዓይንህ ቀልቷል፣ እያለች ፀጉሬን አሻሽታኝ ሄደች፣ ዛሬም እንደ ሕፃን፣ ማሙሽ የሚባል ሽማግሌ ልሆን ነው በዚህች ሴት እጅ።

የማዳመጫውን ሽቦ ጋወኗ ኪስ ውስጥ አየሁት። እስካሁን ይዛው ትዞራለች።

ጨረሰ። መስመሩ ጨረሰ፣ ዝርዝር አወጣ፣ አምላኬ፣ ስሞቹ አሉ፣ ሁሉም አሉ፣ በራሱ አጻጻፍ፣ ግማሹ ፊደል የተገደፈ፣ ከሥራ መልስ፣ ከሥራ መልስ ዝናብ፣ ለእሷ፣ ለእሷ ደግሞ፣ ጠባቧ መንገድ፣ እንዲህ ነው ስም የሚያወጣላቸው፣ የዘፋኙንም የዘፈኑንም ስም አይጽፍም፣ እኔ ይሄን አይቼ እኮ ሰውየው ፋይል መሰየም እንኳ አይችልም ብዬ ነበር፣ ለእሷ የሚለውን ክፈት፣ ክፈተው፣ ተከፈተ።

ጥርት ያለው ዘፋኝ። እኔ ያወረድኩት። ስሙ የሹፌሩ ነው፣ ውስጡ የሌላ ሰው ነው። ዝናብ የሚለውስ። ተኩስ፣ የመኪና ፍሬን፣ የኔ ፊልም ነው። ጠባቧ መንገድ። ጭጭ። ለእሷ ደግሞ። የሚቆራረጥ ፉጨት። ሌላ። ሌላ። አንዱ ጋ የአውቶቡስ በር ትንፋሽ የሰማሁ መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግኩት፣ ወዲያው የፊልም ሙዚቃ ሆነ፣ ፊልሞቹን ልሰርዛቸው፣ ሰረዝኳቸው፣ እነሱን መሰረዝ ምን ይጠቅማል፣ ተከራዩን ብታስወጣ የሞተው ባለቤት ይመለሳል እንዴ፣ እጄን በቆረጠው ይሻል ነበር፣ እንዲህ የምለው ደግሞ ማንም ስለማይቆርጠው ነው።

ካርዱ።

ካርዱ አለ! የስልኩ ሚሞሪ ካርድ፣ ከሱ ስልክ አውጥቼ ገልብጬ ሳበቃ፣ ፎርማት አድርጌ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ የራሴ ስልክ ላይ የሰካሁት፣ ሌባ፣ ሳትጠይቅ መውሰድ ምን ይባላል፣ ግን ይሁን፣ ሌብነቴ ያድነኝ ይሆናል፣ የስልኬ ክዳን የት ነው የሚከፈተው፣ ጥፍሬ ተሰበረ፣ ወጣ፣ ሰካሁት፣ ያውልህ ያነሳሃቸው ፎቶዎች፣ የማተሚያ ቤቱ ድመት፣ ደጋግሜ፣ የራሴ ፊት በመስታወት ውስጥ፣ አዲስ ጫማ፣ ይሄን ሁሉ ጫማ ምን አስነሳኝ፣ በአንድ ጫማ ፎቶ ስንት የሱ ዘፈን ይጠፋል፣ ፈልግ፣ ፈልግ በለው፣ ካርዱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጨርሳል፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ድመት፣ ባዶ፣ አንድ። አንድ ፋይል፣ ስም የለውም፣ ስሙ ወድቋል፣ ርዝመቱ የአንድ ዘፈን ያህል ነው። ሌላ የለም። እንደገና ፈልግ። ሌላ የለም።

እሱንም ክፈተው በቃ። ሞተር ነው። አዎ፣ ሞተር፣ ተመስገን፣ ያ የተጸየፍኩት ሞተር፣ የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ፣ ሰው የለም፣ ወንበሮቹ ባዶአቸውን ይንገጫገጫሉ፣ ካሴቱ ያላዝናል፣ ዘፋኙ ገባ፣ ዘፈነ፣ ትቼው ልሂድ ስል፣ ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ሰው። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረው ለካ። ከዘፋኙ ሥር ሥር ይሄዳል፣ ሳይጫነው፣ ይዞ እንደሚያሳልፍ ሰው፣ እኔ የማውቀው ሹፌር አይደለም፣ ወይም የማላውቀው እሱ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ሳተ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ አይ፣ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ሳተ፣ ለብቻው ሳቀ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ ሆዴ፣ አለ፣ ይቺን ተሳስቻለሁ፣ ይቺን እንዳትሰሚያት፣ የነገዋን ስሚ፣ ነገ አስተካክዬ እዘፍናታለሁ። ቀጭ። አለቀ።

ከዚያ ሁሉ መልካም መልካሙን አጥፍቼ፣ እንዳትሰሚያት ያላት አንዷ ተረፈች። ጋሼ፣ አሁን ማን ነው ያሾፈው፣ ጋሼ ይቅር በለኝ፣ ጋሼ ማለቴ ራሱ ዘግይቷል፣ እንባዬ ነው እንዴ፣ ኪቦርዱ ላይ፣ ጥረገው፣ ደግሞ እሱን አበላሽ።

ፀጥ ብሏል። ከመቼ ጀምሮ ነው መኪናው የቆመው? ማዳመጫ አልሰካሁም ለካ፣ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሰምታለች፣ በሩ ላይ ናት፣ የስፌት ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ አንድ የሱሪ እግር በእጇ፣ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ድገመው፣ አለች። ደገምኩት። ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሲስት ከንፈሯን ነከሰች፣ ይቺን እንዳትሰሚያት ሲል በሱሪው እግር አፏን ሸፍና ሳቀች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ አየኸው፣ አየኸው ሲያፍር፣ በማግስቱ እኮ አስተካክሎ አምጥቶልኛል፣ ያቺን ከፍታ እንዴት አድርጎ እንደወጣት ብትሰማ፣ ከዘፋኙ እኩል ነው የወጣት፣ አንድ ቀን ብቻ ቀደመው፣ እሱንም ይቅርታ ጠይቆ።

አሁን ክፈትልኝ ልትል ነው። የነገዋን ክፈትልኝ ልትል ነው፣ ምን እላለሁ፣ እየጫነ ነው ልበል፣ ስንት ጊዜ ይጭናል።

አላለችም። እጇን አነሳች፣ አይ፣ አትክፈትልኝ፣ ዛሬ ይቺ ትበቃኛለች፣ አለች፣ አንድ አንድ እያልኩ ነው የምሰማቸው፣ ቀን ሲከፋኝ፣ ሲብስብኝ፣ ዝም ብዬ አልጨርሳቸውም፣ ቶሎ እንዳያልቁብኝ።

ዝም ማለት እችላለሁ። ዛሬ አትጠይቀኝም፣ ነገም ላትጠይቀኝ ትችላለች፣ ሥራ ይዟታል፣ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ እስከዚያ መላ ይገኛል፣ ምን መላ፣ ሐኪሙ እንኳ ሳቀብኝ፣ ቀን ሲከፋኝ ነው ያለችው፣ የምትመጣው ከፍቷት ነው፣ አንዱ ክፉ ቀን ላይ በሩን ገፍታ፣ በል አሁን ሌላዋን አሰማኝ ስትለኝ ያን ጊዜ ልነግራት፣ በከፋት ቀን ልጨምርላት፣ ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነህ። አሁን ደግሞ እየሳቀች ነው፣ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም፣ ሳቋ ላይ ልንገራት፣ ወይስ ልቅሶዋ ላይ፣ የሚሻለው የቱ ነው፣ የሚሻል የለም፣ ለራስህ የሚሻለውን ነው የምትፈልገው፣ እሱን ተወው፣ ተነሳች፣ የሱሪውን እግር እያጠፈች፣ በል ብርሃን ሳለ ይቺን ልጨርሳት፣ አለች፣ እጇን ያዝኩት፣ እንዴ፣ እጅህ በረዶ ሆኗል፣ ምን ሆንክብኝ።

እትዬ።

ወዬ፣ አለች፣ ፊቷ ገና ሳቁን አልጨረሰም።

እትዬ፣ አልቀዋል።